ማምረት የቆመባቸው የስቲል ጊታር አምፖች ይመለሱ ወይስ እኛው እንሥራቸው? (ከጅማ)

ሰላም ለሁላችሁ። ይሄን ውይይት የከፈትኩት እኔ ነኝ። መልሱ በዝቶ ሰው ከመሃል እየገባ ከላይ የተባለውን ሳያነብ ያንኑ ነገር ስለሚጠይቅ፣ እስካሁን ማን ምን እንዳለ በተራ ቁጥሩ ላውጋችሁ። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለብጥም፣ ሙሉውን የፈለገ ወደላይ ወጥቶ ያንብብ።

የጀመርኩት እንዲህ ነው። ጅማ ነው የምኖረው፣ ላፕ ስቲል እጫወታለሁ፣ ማለት ጊታሩ ጭን ላይ ተጋድሞ ክሩ ላይ ብረት እየተንሸራተተ የሚጫወቱት። ቤተክርስቲያን እጫወታለሁ፣ ሰርግም ሲገኝ እሄዳለሁ። ለዚህ መሣሪያ ታስበው የተሠሩ አምፖች (የድምፅ ማጉያዎች) ነበሩ። ፒቪ የሚባለው የአሜሪካ አምራች በ1970ዎቹ አጋማሽ ሴሽን 400ን አወጣ፣ በ1980ዎቹ ናሽቪል 400 መጣ፣ ፌንደርም በ2000ዎቹ ስቲል ኪንግ የሚባል ሠርቶ ነበር (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ሦስቱም ወደ 200 ዋት፣ ሦስቱም ባለ አንድ 15 ኢንች ስፒከር፣ ሦስቱም ዛሬ አይመረቱም። ይመለሱ ወይ፣ ቢመለሱስ ለኛ ምን ይፈይዳሉ ነው ጥያቄዬ። አቋሜንም እዛው ጽፌያለሁ፣ ይመለሱ፣ ግን ስማቸውና ሽፋናቸው ብቻ ተመልሶ ውስጡ ሲበላሽ ማንም የማይጠግነው ነገር ከሆነ ለኛ ቢቀር ይሻላል።

መልስ 1 የሰጠው አንድ ኪቦርድ ተጫዋች ወንድም ነው፣ በጣም በትህትና። እንደዚህ አይነት ጥያቄ እዚህ አይቶ እንደማያውቅ ጽፎ መርቆኝ፣ ለአንድ ጊታር 200 ዋት ምን ያደርጋል ብሎ ጠየቀ። መልስ 2 ላይ ያስረዳሁት እኔ ነኝ። ስቲል ተጫዋች፣ በተለይ ባለ ፔዳሉን የሚጫወተው፣ ቀኝ እግሩ ቮልዩም ፔዳል (ድምፅ የሚጨምርና የሚቀንስ የእግር መርገጫ) ላይ ነው። ክሩን ሲመታ ፔዳሉን ግማሽ ድረስ ብቻ ይረግጣል፣ ድምፁ እየሞተ ሲሄድ ቀስ እያለ ይጨምርለታል፣ ለዛ ነው ድምፁ እንደ ማሲንቆ ሳይቋረጥ የሚረዝመው። ታዲያ አንዳንዴ ፔዳሉ ተረግጦ እያለ 3 ወይም 4 ክር አንድ ላይ ይመታል፣ ያን ጊዜ አምፑ ትርፍ አቅም ከሌለው ዲስቶርት ያደርጋል፣ ማለት ድምፁ ይሻክራል። ሮክ የሚጫወት ሰው ዲስቶርሽኑን ፈልጎት ነው፣ እኛ ግን ንጹሁን ድምፅ ነው የምንፈልገው። ደሞ በጆሮ እጥፍ ለመሰማት ዋቱ እጥፍ ቢሆን አይበቃም፣ ወደ 10 እጥፍ ነው የሚጠይቀው። 20 ዋት የሚበቃው ሰው እጥፍ ልሰማ ሲል ነው 200 ውስጥ የሚገባው።

መልስ 3 ታሪክ ይዞ መጣ፣ ከአዲስ አበባ የሚጽፍ ሰው ነው። ስቲል ጊታር ከሃዋይ መምጣቱን፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጆሴፍ ኬኩኩ የተባለ ልጅ እንዳስፋፋው ጻፈ፣ እስከዚህ ጥሩ ነው። ከዛ የመጀመሪያውን የኤሌክትሪክ ጊታር የሠራው ፌንደር ነው ብሎ ጨመረ። መልስ 4 እዛች ላይ ያዘው። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ገበያ የወጣው የሪከንባከር ጊታር ከፌንደር ይቀድማል፣ ከአሉሚኒየም ተሠርቶ ቅርፁ መጥበሻ ስለሚመስል ፍራይንግ ፓን አሉት፣ እሱም ራሱ ላፕ ስቲል ነበር። ሊዮ ፌንደር ግን ካሊፎርኒያ ውስጥ በ1938 ሱቅ የከፈተ የሬዲዮ ጠጋኝ ነው፣ ጊታር መጫወት እንኳ አይችልም፣ ከሸሪኩ ጋር በ1945 ሲጀምር የሸጠው ላፕ ስቲልና አምፕ አንድ ላይ ነው። የመልስ 4 ሰው ይሄን ሁሉ ያመጣው ለክርክር ብቻ አይደለም፣ ዛሬ የምናውቀው የጊታር አምፕ በብዛት የተወለደው ከሬዲዮ ጠጋኝ ወንበር ነው ለማለት ነው። እኔን ይሄ መልስ በጣም ነክቶኛል፣ ምክንያቱም ጅማ ውስጥ የሬዲዮና የቴፕ ጠጋኝ አልጠፋም፣ እያረጀ ያለው እሱም ነው።

መልስ 5 ደሞ ከዛው ወንበር ነው የመጣው። ህርማታ አካባቢ ለብዙ ዘመን የጠገኑ አባት ናቸው፣ ልጃቸው እየጻፈላቸው ይመስለኛል። ስቲል ጊታር አጠገባቸው ሲጫወት ሰምተው እንደማያውቁ፣ አምፕ ግን ከፍተው እንደሚያውቁ ነገሩን። የድሮ አምፕ ሞተ ተብሎ ለቆራሌው ከመሰጠቱ በፊት ሁለት ነገር እንዲታይ ነው የመከሩት። አንደኛ ትልልቆቹ የፓወር ካፓሲተሮች በ30 እና 40 ዓመት ውስጥ ይደርቃሉ፣ አምፑ ሳይነካ ዝም ብሎ የሚያጉረመርመው ለዛ ነው። ሁለተኛ ከኋላቸው ፕሪአምፕ አውትና ፓወር አምፕ ኢን የሚል ሁለት ጃክ ያላቸው አምፖች አሉ፣ ድምፁ ከመጀመሪያው ማጉያ ክፍል (ፕሪአምፕ) ወጥቶ ወደ ዋናው (ፓወር) የሚገባበት። ምንም ሳይሰካበት ሲቀር ጃኩ ውስጥ ያለች ትንሽ የብረት ምላስ ናት ድምፁን የምታሳልፈው፣ የጅማ ዝናብ ደሞ ክረምት ብቻ ጠብቆ አይመጣም፣ እርጥበቱ ምላሷን ያዝገዋል፣ ድምፁ እየጠፋ እየመጣ ያስቸግራል። አጭር ኬብል ወስዶ ሁለቱን ጃክ ማገናኘት ነው፣ ድምፁ ተስተካክሎ ከቀረ በሽታው እሱ ነው፣ ኮንታክት ስፕሬይ ይበቃዋል። ይሄን ብቻ ያነበበ ሰው ስንት አምፕ ያድን ነበር።

መልስ 6 ከአጋሮ ነው፣ ልብ የሚሰብር። ዘመዱ ከአሜሪካ የላከለትን አምፕ ባለ 110 መሆኑን ሳያውቅ 220 ላይ ሰክቶ ጭስ ብቻ ነው የተረፈው፣ ሬሳው አሁንም አልጋ ስር አለ። መልስ 7 ስቴፕዳውን ትራንስፎርመር ብትገዛ ኖሮ ችግሩ ሁሉ አልቆ ነበር ብሎ አጭር አድርጎ ዘጋው። መልስ 8 ግን አልቆ ነበር በሚለው ላይ አልተስማማም፣ እዚህ ላይ ነው ንግግሩ ትንሽ መሞቅ የጀመረው። ስቴፕዳውን ቮልቱን ነው የሚቀንሰው፣ ኸርዙን (መብራቱ በሴኮንድ ስንቴ እንደሚመላለስ) አይነካም። አሜሪካ 60 ነው፣ እኛ ጋ 50። ለ120 ቮልት በ60 ኸርዝ የተሰላ ትራንስፎርመር በ50 ሲሠራ ብረቱ 20 ፐርሰንት የበለጠ ይጨነቃል፣ ይግላል። ስቴፕዳውኑ 110 ሲያወጣ ጭንቀቱ ወደ 10 ፐርሰንት ይወርዳል፣ ብዙው ትራንስፎርመር ይሄን ይችለዋል፣ ማታ ግን ሰው ሁሉ ተኝቶ መስመሩ 240 ሲገባ ያው 120 ይሆንና ተመልሶ 20 ላይ ነው። ስለዚህ ከፊት ስታብላይዘር ያስፈልጋል። ሳያስቡ መልስ መስጠት የሰው ንብረት ያቃጥላል ብሎም ጨመረበት፣ መልስ 7 የሰጠው ሰው ተቀይሞ መልስ 9 ላይ አንድ መስመር ጽፎ ወጣ፣ ምን እንዳለ መድገሙ አይጠቅምም።

መልስ 10 ነው የውይይቱን ልብ የነካው፣ በሹል አፍ ቢሆንም። ጅማ ውስጥ ስንት ስቲል ተጫዋች አለ፣ ለአንድ እጅ ጣት ለማይሞላ ሰው ማን ፋብሪካ ይከፍታል፣ ይሄ የትርፍ ጊዜ ምኞት ነው አለ። ጥያቄው ትክክል ነው። እንኳን ጅማ አሜሪካም ውስጥ ስቲል ተጫዋች ጥቂት ነው፣ አምፖቹም የቆሙት በአብዛኛው ለዚህ ይመስለኛል፤ 200 ዋት ለማውጣት ብዙ መዳብና ብረት ያለው ትራንስፎርመር ይፈልጋል፣ ከባድ ነው፣ ውድ ነው፣ ገዢው ጥቂት ነው። አፍሪካ ውስጥ ማን ይጫወተዋል ላለውም መልስ 11 ናይጄሪያን አስታወሰው፣ ኪንግ ሰኒ አዴ የሚባለው ዘፋኝ የጁጁ (የናይጄሪያ ሙዚቃ አይነት) ባንድ ውስጥ ፔዳል ስቲል ከቶኪንግ ድራሙ ጋር ለብዙ ዓመት ተሰምቷል፣ ሰው መሣሪያውን የወሰደው ናሽቪልን (የአሜሪካ ካንትሪ ሙዚቃ ከተማን) ለመምሰል አይደለም፣ ለራሱ ዜማ ስለተመቸው ነው።

መልስ 12ን ሁለቴ አንብቡት። ማሲንቆ የሚጫወት ልጅ ነው፣ ፒካፕ (የመሣሪያውን ድምፅ አንስቶ ለአምፑ የሚሰጥ ዕቃ) ለጥፎ ባንድ ውስጥ ይጫወታል። የሱ ችግር ከኔ ጋር አንድ መሆኑን ነው የጻፈው። በተራ የጊታር አምፕ ሲሰካ ድምፁ ይሾላል፣ ከፍ ሲያደርገው ይንጫጫል፣ ሰፋ ያለ ስፒከርና ንጹህ አቅም ነው የሚፈልገው። መልስ 13 የኤሌክትሪክ ክራር ተጫዋች ነው፣ እሱም ያው። አንቺሆዬ ላይ ድምፁ ከአንዱ ወደሌላው ሲንሸራተት አምፑ ዲስቶርት ካደረገ ቅኝቱ ራሱ ይደበዝዛል ይላል፣ እኔም ባቲ በስቲል ስጫወት ይሄንኑ ነው የማየው። እና ለመልስ 10 የምሰጠው መልስ እዚህ ነው ያለው፣ ስቲል ተጫዋች ቆጥራችሁ ገበያ የለም አትበሉ፣ ክራሩን፣ ማሲንቆውን፣ ኪቦርዱን ጨምራችሁ ቁጠሩ፣ ሁሉም ያንኑ አምፕ ነው የሚፈልጉት። አንድ ልዩነት ብቻ አለ፣ የማሲንቆው ፒካፕ ፒዬዞ (ንዝረት የሚያነሳው አይነት) ስለሆነ የአምፑ መግቢያ ሬዚስታንስ 1 ሜጋኦም ወይም ከዛ በላይ መሆን አለበት፣ አለበለዚያ ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋል። ሁለት መግቢያ ይኑረው በቃ።

ከ14 እስከ 17 ያለው ጠብ ነው። መልስ 14 የጅማ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የኤሌክትሪካል ተማሪ ነው፣ ጎበዝ ልጅ መሆኑ ከአጻጻፉ ያስታውቃል፣ ግን ቸኩሏል። የድሮ አምፕ መመለስ ጊዜ ማባከን ነው፣ ዘመኑ የዲጂታል ነው አለ። ማስረጃም አመጣ። የፌንደር ትዊን ሪቨርብ፣ በ1963 የወጣው፣ 85 ዋት ባለ 4 ትልልቅ ቲዩብና ባለ ሁለት 12 ኢንች ስፒከር፣ እንደገና ሲመረት 29 ኪሎ ነው የሚመዝነው። ፌንደር ራሱ በ2019 ያንኑ ድምፅ በዲጂታል ሠርቶ ቶን ማስተር ብሎ ሲያወጣው ወደ 15 ኪሎ ወረደ። ባጃጅ ላይ የትኛውን ትጭናላችሁ ብሎ ጠየቀ። ይሄ ክብደቱ ላይ ያለው ነገር እውነት ነው፣ ባለ 15 ኢንች አምፕ ተሸክሞ ደረጃ የወጣ ሰው ያውቀዋል።

መልስ 15 ላይ የህርማታው አባት ተቆጡ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ይዞት የሚመጣውን ቮልት ልጁ አያውቀውም ወይ ብለው ነው የጀመሩት። የሩዝ ፍሬ የማታክል ዕቃ የተደረደረበት ቦርድ ሲመታ የቱ እንደተቃጠለ እንኳ በዓይን አይታይም፣ ሙሉ ቦርዱ ከውጭ ይምጣ ይባላል፣ በዶላር፣ እስከዛ ተጫዋቹ ምን ይሁን። የድሮው አምፕ ግን ፒቪ የሰርኪውት ዲያግራሙን ለጠየቀ ሁሉ ይሰጥ ነበር፣ ብላክ ዊዶው የሚባለው ስፒከሩ ሳይቀር ኮኑ ሲቀደድ ማግኔቱን ትቶ ቅርጫቱን ብቻ ፈቶ መቀየር ይቻላል። ሲሠራ እንደሚበላሽ ታስቦ ነው የተሠራው። መልስ 16 ተማሪው ባሰበት፣ የኛ ጠጋኞች ፊውዝ ሲቃጠል በሽቦ ቀጥለው የሚመልሱ ናቸው፣ አምፕ የሚገድለው እሱ ነው ብሎ ጻፈ። መልስ 17 የማላውቀው ሰው ነው፣ ለአባት እንዲህ አይጻፍም ብሎ ገሰጸው፣ ግን ስለሽቦው ማንም አልካደም። ፊውዝ በሽቦ መቀጠል በግልጽ መወገዝ አለበት፣ ማንም ያድርገው ማን። ቀጭኗ ፊውዝ ናት ትራንስፎርመሩን የምታድነው።

ከዛ ወሬው ተበተነ። መልስ 18 የአንዳንድ ቤተክርስቲያን ድምፅ ጎረቤት አያስተኛም፣ 200 ዋት ሳይሆን 2 ዋት ነው የሚያስፈልገው አለ፣ ልክ ነው ግን እኔ የጠየቅሁት ሌላ ነው። መልስ 19 እንጨት ሠሪ ነው፣ ጅማ በእንጨት ሥራ እየታወቀ ሳጥኑን ከዋንዛ ብንሠራውስ አለ፣ በርጩማና ከበሮ ከሚሠራበት እንጨት የአምፕ ሳጥን አያቅተውም። ደስ የሚል ሐሳብ ነው። መልስ 20 ወዲያው ዋንዛ ከደን መቁረጥ በአዋጅ የተከለከለ መሆኑን በቁጣ አስታወሰ፣ መልስ 21 ደሞ ሙሉ እንጨት በእርጥበት ስለሚጣመምና ስለሚሰነጠቅ ሳጥኑ ከ18 ሚሊሜትር ኮምፔንሳቶ ቢሠራ፣ ፊቱ ብቻ ሰው ጓሮው ካለው ዋንዛ ቢሆን ይሻላል ብሎ አስታረቃቸው። ቺፑድ የሚለው ቃል እንዳይነሳ ብሎም ለመነ፣ ውሃ ሲነካው ስለሚያብጥ።

መልስ 22 የኔ ነው፣ ረጅም ነው፣ አሳጥሬ ልድገመው። አምራቾቹ አምፖቹን ቢመልሷቸው እንኳ እንዴት እንደሚመልሷቸው አይተናል። ትዊን ሪቨርብ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ተመልሷል፣ ግን የመጀመሪያው በእጅ የተበየደ ሽቦ ነበር፣ የተመለሰው በብዛት ፕሪንትድ ቦርድ ላይ ነው። ድምፁ ጥሩ ነው፣ አልክድም፣ ጥገናው ግን አንድ አይደለም። ለስቲል የሚሆኑ ዛሬም የሚሠሩ አነስተኛ አምራቾች አሉ፣ ጥሩ ነገር ይሠራሉ፣ ዋጋው እዚህ ሲደርስ ከኛ አቅም ውጪ ነው። ስለዚህ እኔ ለፋብሪካ ፊርማ ማሰባሰብ አይደለም የምፈልገው። እነዛን አምፖች ለስቲል ተፈላጊ ያደረጋቸው ስማቸው አይደለም፣ ትርፍ አቅም፣ ባለ 15 ስፒከር፣ መሃለኛውን ድምፅ ወደ 800 ኸርዝ ላይ መቀነስ የሚያስችል ቶን (ናሽቪል 400 ላይ ብዙ ስቲል ተጫዋች የሚነካት ቁልፍ እሷ ናት፣ የሚቆረጥመውን የብረት ድምፅ ታለሰልሳለች)፣ እና በመደበኛ መበየጃ የሚነቀል የሚተከል ዕቃ ነው። አንዱም ምስጢር አይደለም። የጅማ ልጅ ዲያግራሙን ይሳለው፣ የጅማ ጠጋኝ ይበይደው፣ የጅማ እንጨት ሠሪ ሳጥኑን ይግጠመው፣ 220 ላይ ቀጥታ የሚሰካ፣ ስቴፕዳውን የማይፈልግ።

መልስ 23 ላይ ተማሪው ተመለሰ። ስለ ጠጋኞች የጻፈውን አልሰረዘውም፣ ግን የፕሪአምፑን ክፍል በትልልቅ ዕቃ ብቻ ለመሳል ፈቃደኛ መሆኑን ጻፈ፣ ፓወሩ ግን ያሳስበዋል፣ ምክንያቱም ትልልቆቹ ባለ ብረት ሽፋን ትራንዚስተሮች ፎርጅዱ ከእውነተኛው በዝቷል፣ ቁጥሩ ላዩ ላይ ተጽፎ ውስጡ ሌላ ትንሽ ቺፕ ነው የሚሆነው። ጋሼ እርስዎ እንዴት ይለዩታል ብሎ ጠየቀ። ጋሼ ያለው እዚህ ላይ የመጀመሪያው ነው። መልስ 24 ላይ እሳቸው መለሱ፣ ከእያንዳንዱ ግዢ አንዱን መስዋዕት አድርጎ ክዳኑን በመጋዝ ከፍቶ ቺፑን ማየት ነው፣ ከምስር ካነሰ ሻጩ ይውሰደው። ከድሮ የሞተ አምፕ የተነቀለ ግን ከአዲሱ ይታመናል። ከዛ የአጋሮውን ልጅ ጠርተው፣ ያን አልጋ ስር ያለውን አምፕ ለቆራሌው እንዳይሰጥ፣ ከፓወር ተነቅሎ የሰነበተ ቢሆንም ካፓሲተሮቹ እንዳይመቱት በሬዚስተር አራግፎ፣ የትራንስፎርመሩን መሃለኛ ብረት ስፋትና የድርድሩን ውፍረት በማስመሪያ ለክቶ እንዲጽፍ አዘዙት።

መልስ 25 ልኬቱ ነው፣ 4 ሴንቲሜትር በ5። መልስ 26 ላይ ሒሳቡን አባትየው ሠሩት። 20 ካሬ ሴንቲሜትር ብረት ወደ 280 ዋት ይሸከማል፣ ለኛ ይበቃል። ጠጋኞች የሚይዙትን ቁጥር 45ን ለ20 ማካፈል፣ በቮልት 2.25 የሽቦ ዙር፣ ለ220 ቮልት 495 ዙር። ሁለተኛው ወገን 32 ቮልት ሁለት ጊዜ፣ እያንዳንዱ 72፣ ለብክነት ትንሽ ተጨምሮ 76 ዙር፣ ወደ ዲሲ ሲቀየር ከላይና ከታች ወደ 45 ቮልት ይሰጣል፣ 4 ኦም ስፒከር ላይ 200 ዋት ለማውጣት 40 ቮልት ጫፍ ስለሚፈለግ ትርፉም አለ። ተማሪው መልስ 27 ላይ በራሱ መንገድ ለ50 ኸርዝና ለ1 ቴስላ (ብረቱ ውስጥ ላለው የማግኔት ጉልበት) አስልቶ እዛው 495 ላይ ደረሰ፣ ለመጀመሪያው ጥቅል 0.8 ሚሊሜትር ሽቦ እንደሚበቃ ጨመረበት።

መልስ 28 ዛሬ ጠዋት የገባው ነው፣ የተቃጠለ ሞተር የሚጠቀልል ሰው ነው፣ እዚሁ ጅማ መርካቶ አካባቢ። 0.8ቱ ሽቦ እጁ ላይ አለ፣ በጥቅሎቹ መሃል የሚገባው ወረቀት ግን ካለቀ ቆይቷል። አዲስ አበባ ያላችሁ ወይም ወደዛ የምትወርዱ፣ ወረቀቱን የምታመጡልን መልስ 29 ላይ ጻፉ።